ማሳሰቢያ፦ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ለኢስት ኮልፋክስ ወገኖች

ይህ ማሳሰቢያ በኢስት ኮልፋክስ ግራና ቀኝ፣ ከዴንቨር እስከ አውሮራ ለምትኖሩ ወገኖች የተጻፈ ነው። በተለይ በአሮጌ አፓርታማና በምድር ቤት ለተከራያችሁ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ወላጆች አብረዋችሁ ላሉ ይድረስ። የምንተነፍሰውን አየርና የማሞቂያ ቢላችንን ለየብቻ ማየት ለምደናል። በብርድ ወራት ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ይሆናሉ። ቢሉን የፈራ ሰው ማሞቂያውን ይዘጋል፤ ማሞቂያውን የዘጋ ሰው ሌላ እሳት ወደ ቤቱ ያስገባል። የሚገድለው ያ ሌላ እሳት ነው።

በወገን ላይ የደረሰውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ከባድ የበረዶ ማዕበል መታት፤ መብራትም ጠፋ። ሂዩስተን ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ብርዱን ለማምለጥ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪናውን አስነስቶ ቆየ። እናትየዋና ትንሿ ሴት ልጇ ሞቱ፤ አባትየውና ወንድ ልጁ ሆስፒታል ገብተው ተረፉ። ቤተሰቡን እንዲህ የበተነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። የእነሱ ሞት ለእኛ ማስጠንቀቂያ ካልሆነን ግን ሐዘናችን ከንቱ ነው።

የቀላ ከሰል አደጋው አልወጣለትም

ልማዳችን ይታወቃል። እናት ወይም እህት ከሰሉን በረንዳ ላይ ታቀጣጥለዋለች። ጢሱ እስኪወጣለት፣ ከሰሉም ጨርሶ እስኪቀላ ትጠብቅና ማንደጃውን ወደ ሳሎን ታስገባዋለች። ጀበናው ይጣዳል፤ ፍሙ ላይ ቆንጠር ተደርጎ ዕጣን ይጨሳል። ጢሱ ስለወጣለት አደጋውም አብሮ የወጣ ይመስለናል። አልወጣም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጢስ የሌለው ደማቅ ፍም ይህን ጋዝ በብዛት ያመነጫል። ጋዙ ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

አገር ቤት በግድግዳው ስንጥቅና በጣሪያው ሥር አየር ይገባል። እዚያም ቢሆን ከሰል አጠገብ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ ለማናችንም አዲስ አይደለም። እዚህ ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፤ የበሩ ጠርዝ በላስቲክ ተደፍኗል። «መስኮት ከፍቻለሁ» ማለትም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከሰል፣ የባርቤኪው ከሰልም ሆነ ለዕጣን የሚሸጠው ክብ ከሰል፣ ቤት ውስጥ አይቀጣጠል፤ ቀልቶም አይግባ። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨሳል። ማኅበርና ዝክር የምታወጡ፣ በአዳራሽና በምግብ ቤት ቡና የምታፈሉም ይህን አደራ ጠብቁ። ሰው ሲበዛና በሩ ሲዘጋ የሚጎዳውም ሰው ይበዛል።

ሌሎችም አደጋዎች አሉ። ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር ማስነሳት፣ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ ጋራዥ ውስጥ መኪና እያሞቁ መቆየት፣ ለዓመታት ባለሙያ ያላየውን የጋዝ ፈርነስ ዝም ብሎ መለኮስ፣ ሁሉም ያው ጋዝ ነው።

ምልክቱን ልብ በሉ። ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። ሁሉም የቤቱ ሰው በአንድ ጊዜ ካመመው፣ ውጭ ሲወጣም ከቀለለው ጉንፋን አይደለም። መስኮት ስትከፍቱ፣ ዕቃ ስትሰበስቡ ጊዜ አታባክኑ። ልጆችን ይዛችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ። መጀመሪያ አድራሻችሁን ተናገሩ፤ ቀጥሎ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ይገባል።

ደወሉን አታፍኑት

ሽንኩርት ሲቁላላ ወይም ዕጣን ሲጨስ ጣሪያው ላይ ያለው ደወል ይጮሃል። እንግዳ ሳሎን ተቀምጧልና አንዱ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ነቅሎ ይጥለዋል፤ ወይም በፌስታል ይጠቀልለዋል። እንግዳው ከሄደ በኋላ መልሶ የሚያስገባው የለም። በብዙ ቤት የጢሱና የካርቦን ሞኖክሳይዱ ደወል አንድ ዕቃ ስለሆነ፣ የዕጣኑን ጩኸት ዝም ስናሰኝ ሌሊት ሊቀሰቅሰን የሚችለውንም ዝም አሰኘነው ማለት ነው። ሦስት ሦስት ጊዜ እየቆረጠ ከጮኸ እሳት ነው። አራት አራት ጊዜ ከጮኸ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አልፎ አልፎ አንዴ ጢጥ ካለ ባትሪው አልቋል ወይም ዕቃው አርጅቷል። ጀርባው ላይ የተሠራበትና የሚያበቃበት ጊዜ ተጽፏል፤ አውርዳችሁ አንብቡት።

ይህ የምክር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2009 ጀምሮ በኮሎራዶ በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ የሚሞቅ፣ አለዚያም ጋራዥ የተያያዘው ቤት ሲከራይ፣ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ሊኖረው ይገባል። ማስገባት የአከራዩ ግዴታ ነው። መጠበቅና ባትሪውን አለመንቀል ደግሞ የተከራዩ ነው። ደወል ከሌላችሁ ወይም ከተበላሸ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቴክስት ወይም በኢሜይል ይሁንና የላካችሁትን አስቀምጡት። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ማሞቂያው ከተበላሸም እንዲሁ ነው። በ2024 በወጣው የኮሎራዶ ሕግ መሠረት የተከራዩን ሕይወት፣ ጤና ወይም ደኅንነት የሚጎዳ ብልሽት በጽሑፍ የተነገረው አከራይ በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራ መጀመር አለበት። ዴንቨር ደግሞ ምክር ቤቱ በ2021 ባጸደቀው ደንብ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣና ቤቱን እንዲያስመረምር አስገድዷል፤ ለብዙ ቤት ሕንፃዎች ከ2023፣ ለነጠላ ቤቶች ከ2024 ጀምሮ ይሠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል። ኮልፋክስ አንድ መንገድ ቢሆንም ዮሰሚቲ መንገድ ጋ ስትደርሱ ከተማው ይለወጣል፤ ምክር ቤቱም፣ ደንቡም አብሮ ይለወጣል። ከዮሰሚቲ ወዲያ ያለው አውሮራ ነው፤ የዴንቨር የኪራይ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ዴንቨር የምትኖሩ በ311፣ አውሮራ የምትኖሩ በ303-739-7000 ለከተማችሁ አቤት በሉ።

ከብርድ የሚያድን እርዳታ አለ፤ ቀን አለው

ሊፕ የሚባለው የማሞቂያ ድጎማ በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ተከፍቶ ኤፕሪል 30 ይዘጋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦችን የማሞቂያ ወጪ በከፊል ይሸፍናል፤ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ለጋዝ ወይም ለመብራት ድርጅቱ ይከፈላል። የማሞቂያው ዋጋ በኪራዩ ውስጥ የተካተተባችሁም ማመልከት ትችላላችሁ። የራሱ ቤት ያለውና ፈርነሱ የተበላሸበት ሰው የጥገና እርዳታም ያገኝበታል። ማመልከቻው በነፃ ነው። ስልኩ 1-866-432-8435 ነው። የምታመለክቱት በካውንቲያችሁ በኩል ስለሆነ፣ አውሮራ የምትኖሩ አራፓሆ ይሁን አዳምስ ካውንቲያችሁን አስቀድማችሁ ለዩ። የት መጀመር እንዳለበት ግራ የገባው 211 ይደውልና አስተርጓሚ ይጠይቅ።

ስንቶቻችን ነን የመቁረጫ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ የምንጠብቅ? ሌሊት ታክሲና ኡበር ሲነዳ አድሮ፣ ወይም ከሆስፒታል ፈረቃ ወጥቶ የሚመጣ ሰው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለመክፈት ጉልበት ያጣል፤ ፖስታው ፍሪጅ ላይ ይከማቻል። ድጎማ መጠየቅን የሚያፍሩም አሉ፤ በተለይ ትልልቆቹ አባቶችና እናቶች። ይህ ልመና አይደለም። ከሊፕ ሌላ ያለውን እርዳታም እንመልከት። የዴንቨር ምክር ቤት ለሕዝብ ድምፅ አቅርቦት በኖቬምበር 2020 የጸደቀው የአየር ንብረት ፈንድ የሚሰበሰበው ከእያንዳንዱ ዶላር ግብይት ሩብ ሳንቲም እየተቆረጠ ነው። በከተማው ሱቅ ግብር የሚከፈልበት ዕቃ በገዛን ቁጥር ከፍለንበታል። በዓመት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ ታስቦ የተጀመረው ይህ ፈንድ ቤት ለሚያድሱ፣ ማሞቂያ ለሚቀይሩ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለሚገዙ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የከፈልንበትን ገንዘብ ለመጠቀም የምናፍርበት ምክንያት የለም።

እርዳታ ባለበት ሌባም አለ። «መብራትህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆረጣል፤ አሁኑኑ በዜል ላክ ወይም የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። የሚታየው ስልክ ቁጥር የድርጅቱን ቢመስልም አትመኑት፤ ዘግታችሁ ቢሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። «ሊፕ አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቋንቋችንን ቢናገርም አትክፈሉት። ቤታችሁ መጥቶ ቢላችሁን ለማየት ለሚጠይቅም አታሳዩ፤ በማታነቡት ቋንቋ በታብሌት ላይ አትፈርሙ።

ውጭ ያለው አየር

የዴንቨር አካባቢ የውጭ አየር በ1970ዎቹና 80ዎቹ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ነበር። ኮሎራዶ በ1988 ኦክስጅን የተጨመረበት ቤንዚን በማስገደድ ከአገሪቱ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በብርድ ወራት እንጨት ማንደድ ተገደበ፤ የመኪና ጭስ ምርመራ ተጠናከረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተማው ደረጃውን አሟላ። ውሳኔ የአደባባዩን አየር ሊያጸዳ እንደሚችል በዓይናችን ያየነው ነው። ሳሎናችን ውስጥ ገብቶ ማንደጃ የሚያነሳ ምክር ቤት ግን የለም፤ ያ የእኛ ፈንታ ነው።

የእንጨት ገደቡ አሁንም አለ። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ግዛቱ የአየር ማስጠንቀቂያ ባወጣ ቀን በሜትሮው ሰባት ካውንቲዎች በቤት ምድጃ እንጨት ማንደድ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ለጥቂቶች ብቻ ነው። ዴንቨር ውስጥ መኪና አቁሞ ሞተር ማሠራትም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ የሚፈቀደው በኃይለኛ ብርድ ጊዜ ነው። ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ቤት ገብቶ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሁለት ጉዳት አለበት፤ ቅጣቱና የመኪና ስርቆቱ።

በሙቀቱ ወራት ጠላቱ ኦዞን ነው። የመኪናና የፋብሪካ ጭስ ፀሐይ ሲመታው ይፈጠራል፤ ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ይበረታል። በ2022 የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የዴንቨርን አካባቢ በኦዞን «ከባድ ጥሰት» ደረጃ ውስጥ አስገብቶታል። ማስጠንቀቂያ በወጣ ቀን ልጆችን ከሰዓት በኋላ ኳስ አታጫውቱ፤ በጠዋት ይጫወቱ። አስም ያለበት ሰው ኢንሄለሩን ከኪሱ አይለይ። ማስክ ኦዞንንም ካርቦን ሞኖክሳይድንም አያግድም።

የሰደድ እሳት ጢስ ሲመጣ ግን ማስክ ይጠቅማል፤ ኤን95 ከሆነ ብቻ። ነጠላ በአፍንጫ ላይ መጣል ጢስ አያጣራም። ኮልፋክስ ቀጥ ብሎ ወደ ተራሮቹ የሚሄድ መንገድ ነውና ወደ ምዕራብ ተመልከቱ፤ 5 ማይል ርቀት ላይ ያለ የምታውቁትን ነገር በጢስ ምክንያት ማየት ካቃታችሁ አየሩ ለጤና አይሆንም። መስኮት ዝጉ። ስዋምፕ ኩለር ያላችሁ ጢሱን ከውጭ ስቦ እንደሚያስገባ እወቁ፤ በዚያን ቀን አጥፉት። አየር ማጣሪያ መግዛት ያልቻለ የፈርነስ ማጣሪያ፣ መርቭ 13 የተባለውን፣ በተራ ፋን ጀርባ ላይ በቴፕ ቢለጥፍ በአነስተኛ ዋጋ አንድ ክፍል ያጸዳል። ሕፃናትንና አረጋውያንን እዚያ ክፍል ውስጥ አስተኙ።

ውሳኔ ሲሰጥ ተገኙ

ድጎማም ሆነ የአየር ደንብ በየዓመቱ በጀት ይሰፋል ወይም ይጠባል። የዴንቨር ምክር ቤት ለ2024 በጀት ከንቲባው ያቀረቡትን የኪራይ እርዳታ ገፍቶ እንዲጨምር ያደረገው ተከራዮችና የተከራይ ማኅበራት ቀርበው ከተናገሩ በኋላ ነው። ያልተናገረ ሰው ጉዳይ ከጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ይነሳል። የዴንቨርም የአውሮራም ምክር ቤቶች ሰኞ ይሰበሰባሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ አስተርጓሚ ማግኘት ትችላላችሁ። የዕድርና የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የማኅበር ኃላፊዎች አንድ ሰው መድባችሁ ከስብሰባው ወሬ እንዲያመጣ፣ ደብዳቤ ላልገባቸውም እንዲያነብላቸው አድርጉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ይህን ያነበባችሁ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የደወሉን ቁልፍ ተጫኑ፤ ካልጮኸ ነገ ባትሪ ግዙ። ያልተከፈቱ ፖስታዎችን ክፈቱ። ማንደጃችሁን ከበረንዳ አታሳልፉ። ቀጥሎ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናትና አባት፣ አዲስ ለገባው እንግዳ፣ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤት ደውላችሁ ይህንኑ ንገሩ፤ የቸገራቸው ካለም ወደ ሊፕ ስልክ አብራችሁ ደውሉላቸው።