የሚጣለው እንጨትና የሚበርደው ቤት

በአዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ በግቢው ጥግ ተከምሮ የሚቀረውን እንመልከት። የባሕር ዛፍ አጣና ስብርባሪ፣ የካዛፎርም ጣውላ ቁራጭ፣ ሰጋቱራ ነው። ከዚያው አጥር ማዶ ደግሞ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በብርድ የሚንገላታ ቤተ ሰብ አለ። አንዱ ለሌላው መድኃኒት ሊሆን መቻሉን ብዙዎቻችን አላሰብንበትም።

ነገሩ ግን በሌላ አገር ተሞክሯል። ኢበን ቤየርና ጋቪን ማኪንታየር የተባሉ፣ ገና ትምህርታቸውን የጨረሱ ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች በ2007 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢኮቬቲቭ የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው የእርሻ ተረፈ ምርትን በፈንገስ ማያያዝ ጀመሩ። በመጀመሪያ ያሰቡትም የግድግዳ ብርድ መከላከያ ለመሥራት ነበር።

ከእንጨት ሲሠራ አሠራሩ እንዲህ ነው። የተፈጨው እንጨት በእንፋሎት ይቀቀልና ሌላው ሻጋታ ከሞተለት በኋላ ከእንጉዳይ ዘር ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጠቀጠቃል። በጨለማና በእርጥበት ጥቂት ቀኖች ሲቆይ፣ የፈንገሱ ነጭ ክር እንጨቱን እየተመገበ ፍርፋሪውን እንደ ድርና ማግ ያያይዘዋል። ከዚያም በምድጃ ሲደርቅ ፈንገሱ ይሞታል፤ ማደጉም ይቆማል። የሚገኘው ሰሌዳ ቀላል ሲሆን፣ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀትና ብርድን ያግዳል። የቤት ክብደት ግን አያሸክሙትም፤ ከውሃም መጠበቅ አለበት።

ታዲያ እኛ ለምን አንጀምርም ቢባል፣ እንቅፋቱ ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከልማድ የመጣ ነው ብለን እናምናለን። ንጹሑ እንጨት የተቃጠለ ዘይት ከተቀባውና ሲሚንቶ ከጠገበው ካዛፎርም ጋር ባንድ መኪና ተጭኖ ይጣላል። እንዲህ የተበከለ እንጨት ለእንጉዳይ ምግብነት አይታመንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው፤ ለዚህም ላቦራቶሪ አያሻም።

የማገዶውም ነገር አይዘንጋ። ሰጋቱራውና ቁራጩ የብዙ ድኻ እናት ምድጃ ያነዳል። ከእርሷ እጅ ነጥቆ የባለ ፎቅ ኮርኒስ ማበጀት ሥልጣኔ አይባልም። አስቀድሞ የሚወሰደው ሜዳ ላይ በስብሶ የሚቀረው ይሁን።

ወጣት ሹማምንት፣ የጨረታ ውል የምታረቅቁ እናንተ ናችሁ፤ ንጹሕ እንጨት ተለይቶ ይቀመጥ የሚል አንድ መሥመር ጨምሩበት። ተማሪዎችም አንድ ሰሌዳ ሠርታችሁ እሳትን፣ ምስጥንና የክረምቱን እርጥበት እንዴት እንደሚችል ፈትኑት። ፈተናውን ቢወድቅ እንኳ ምክንያቱን እናውቃለን። ሥራው ከዛሬ ይጀመር እንላለን።