የሚሮጥ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል

በማት ሪቭስ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ክሎቨርፊልድ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ግዙፍ አውሬ ኒው ዮርክን ሲያፈርስ ያሳያል፡፡ ሁሉም ከሸሺዎቹ አንዱ በያዘው የእጅ ካሜራ እንደተቀረጸ ሆኖ ይታያል፡፡

ከተመልካቹ ብዙው አጉረመረመ፡፡ ገሚሱ «ምስሉ ይናጣል፤ አዞረን፤ አቅለሸለሸን» አለ፤ ሲኒማ ቤቶችም ማስጠንቀቂያ እስከ መለጠፍ ደረሱ፡፡ ገሚሱ ደግሞ «አውሬውን በቅጡ ሳናየው አለቀ» ሲል ከሰሰ፡፡

ያዞረውን እግዜር ይማረው፤ ሕመም አይነቀፍም፡፡ ሁለተኛውን ክስ ግን አልቀበልም! ለመሆኑ ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ቆሞ ጥርሱን ይቆጥራል? በፊልሙ ካሜራውን ይዞ የሚሮጠው ሃድ አውሬውን ፊት ለፊት አጥርቶ ያየው በተገደለባት ቅጽበት ነው፡፡ ታዲያ ተመልካቹ የጠየቀው ምን እንደሆነ አስቦታል?

ወገኖቼ! ነገሩ ከእኛም ደጃፍ ይደርሳል፡፡ «ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተኳሹን መልክ በቅደም ተከተል ተናገር» እያሉ የሚጠይቁን አሉ፡፡ ቃላችን ሲቆራረጥ ሐሰት ይመስላቸዋል፡፡ ሐሰት አይደለም፤ እየሮጡ የታየ ነገር እንዲያ ነው፡፡ ስለዚህ እነርሱን ለማስደሰት ብላችሁ ያላያችሁትን አትሙሉ፡፡ ጀርባውን ብቻ ያየ፣ ጀርባውን አየሁ ይበል፡፡