«እነ እገሌ ገብተውበታል» ማስረጃ አይደለም

አክሲዮን ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ አንድ ኩባንያ ከሚሰማው ወሬ ሁሉ ቶሎ ልቡን የሚረታው «እነ እገሌ ገብተውበታል» የሚለው ነው። በቶሮንቶ፣ በኒውዮርክና በለንደን ገበያዎች ይኸው ወሬ ቁጥር ለብሶ ይቀርባል። ከኩባንያው አክሲዮን ይህን ያህል በመቶው በትልልቅ ተቋማት እጅ ነው፣ ይህን ያህሉ ደግሞ የሥራ አስኪያጆቹና የቦርድ አባላቱ ነው ይባላል። መደምደሚያውም አብሮ ይመጣል። ተቋማቱ አዋቂዎች ስለሆኑ አጥንተው ነው የገቡት፤ የውስጥ ሰዎቹም የራሳቸውን ሀብት ስላስገቡ ኩባንያውን አይጎዱትም፤ እኛም ብንከተላቸው አንሳሳትም።

ይህን መደምደሚያ አልቀበለውም። የባለአክሲዮኖች ዝርዝር ወረቀቱ በማን እጅ እንዳለ ይነግረናል እንጂ ኩባንያውን ማን እየጠበቀው እንደሆነ አይነግረንም። በማዕድን ኩባንያ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ሀብቱ መሬት ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ባለአክሲዮን ቦታውን ረግጦት አያውቅም፤ ያለው መረጃ ቆፋሪው የነገረው ብቻ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ከብሬ-ኤክስ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በካልጋሪ ካናዳ ዴቪድ ዋልሽ የሚመራው ይህ ትንሽ ኩባንያ በ1993 በኢንዶኔዥያ ቦርኔዮ ደሴት፣ ቡሳንግ በሚባል ጫካ ውስጥ የወርቅ ፍለጋ ይዞታ አገኘ። የፍለጋውን ሥራ የሚመሩት ጆን ፌልደርሆፍና ማይክል ደ ጉዝማን የተባሉ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መግለጫ ከቀደመው የበለጠ ወርቅ ይዞ መጣ። ግምቱ 70 ሚሊዮን አውንስ ደረሰ። በሳንቲም ይሸጥ የነበረው አክሲዮን፣ የኋላው ክፍፍል ተሰልቶ፣ ከ280 የካናዳ ዶላር በላይ ወጣ፤ የኩባንያው የገበያ ዋጋም ወደ 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተጠጋ።

እነማን ገብተውበት ነበር? የኦንታሪዮ መምህራን የጡረታ ፈንድ ገብቶ ነበር። የኦንታሪዮ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ገብቶ ነበር። የኩቤክን ሕዝብ ጡረታ የሚያስተዳድረው ግዙፍ ድርጅትም ገብቶ ነበር። ኩባንያው በቶሮንቶ ገበያ ዋና ኢንዴክስ (የገበያውን አጠቃላይ ዋጋ በሚለካው የኩባንያዎች ዝርዝር) ውስጥ ስለተካተተ ኢንዴክሱን የሚከተል ገንዘብ ሁሉ አብሮ ገባ። ተራው ቆጣቢ ይህን አይቶ ተረጋጋ፤ እሱ ያላወቀውን እነሱ ያውቁታል ብሎ አመነ።

ሆኖም ሊጠየቅ የሚገባው ነገር በግልጽ ተቀምጦ ነበር። በማዕድን ፍለጋ ከጉድጓድ የሚወጣው የድንጋይ ዘንግ እንደ ልማዱ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ግማሹ ነገ ሌላ ሰው እንዲያጣራው ይቀመጣል። በቡሳንግ ግን ዘንጉ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይፈጭ ነበር፤ ለማመሳከሪያ የሚቀር ድንጋይ አልነበረም። ይህ ማንኛውንም ባለሙያ ሊያስደነግጠው የሚገባ ነገር ነበር። ኩባንያው ምክንያት ሰጠበት፤ ገበያውም ምክንያቱን ተቀበለ።

እውነቱ የወጣው ከባለአክሲዮኖቹ ዘንድ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1997 ፍሪፖርት-ማክሞራን የተባለው የአሜሪካ የመዳብና የወርቅ ኩባንያ 15 በመቶ ድርሻ ይዞ በቡሳንግ አጋር ለመሆን ተስማማ። ስምምነቱ ከመጽናቱ በፊት ግን የራሱን ቆፋሪዎች ልኮ ብሬ-ኤክስ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች አጠገብ አስቆፈረ። ማርች 19 ቀን ደ ጉዝማን ወደ ቡሳንግ ሲጓዝ ከሄሊኮፕተር ወድቆ ሞተ። ማርች 26 ቀን ፍሪፖርት ያገኘው ወርቅ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን ይፋ አደረገ፤ አክሲዮኑም ወዲያው ከዋጋው ከአምስት እጅ አራቱን አጣ። በሜይ ስትራትኮና የተባለው ገለልተኛ ድርጅት ናሙናዎቹ ከውጭ በመጣ ወርቅ የተቀላቀሉ መሆናቸውን አረጋገጠ። የመምህራኑ ፈንድ ወደ 100 ሚሊዮን፣ የኩቤኩ ወደ 70 ሚሊዮን፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞቹ ወደ 45 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከሰሩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይኸው ነው። ያ ገንዘብ ዕድሜ ልካቸውን ጠመኔ ይዘው የቆሙ ሰዎች የእርጅና ስንቅ ነበር።

ይህን ትምህርት አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያስገቡት ተቋማት አንዱ ሌላውን አይተው ገቡ። የቆፈረው አንድ ብቻ ነበር፤ እውነቱንም ያገኘው እሱ ነው።

ተቋማት ለምን እንዲህ ይሆናሉ? መልሱ አሠራራቸው ውስጥ አለ። የኢንዴክስ ፈንድ አንድን ኩባንያ ወዶ አይገዛም፤ ጠልቶም አይሸጥም። ኩባንያው በዝርዝሩ ውስጥ እስካለ ድረስ በክብደቱ መጠን መግዛት ግዴታው ነው። ስለዚህ በትልልቅ የመዳብ፣ የብረትና የአሉሚኒየም ኩባንያዎች ዝርዝር አናት ላይ ግዙፎቹን የኢንዴክስ ፈንድ አስተዳዳሪዎች ብላክሮክንና ቫንጋርድን ስናይ፣ ያየነው ኩባንያው ትልቅ መሆኑን እንጂ ጥሩ መሆኑን አይደለም። መርጦ የሚገዛው አስተዳዳሪም ቢሆን ከባልደረቦቹ ተነጥሎ መሳሳትን ከሁሉ በላይ ይፈራል፤ ከመንጋው ጋር ቢከስር ግን የሚጠይቀው የለም። መረጃው ራሱም ዘግይቶ ይደርሳል። በአሜሪካ ሕግ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አክሲዮን የሚያስተዳድር ተቋም ይዞታውን የሚያሳውቀው ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ዛሬ ገብተውበታል ብለን የምንከተላቸው ትናንት ወጥተው ሊሆን ይችላል።

ወደ ውስጥ ሰዎች እንሂድ። ሥራ አስኪያጅ የድርጅቱ ባለድርሻ ሲሆን እንደ ባለቤት ያስባል የሚለው ሐሳብ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጥናቱም ቢሆን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው አላለም። ሞርክ፣ ሽላይፈርና ቪሽኒ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ1988 ባሳተሙት ጥናት የቦርድ አባላት ድርሻ እስከ 5 በመቶ ሲያድግ የኩባንያው ዋጋ አብሮ ሲያድግ፣ ከ5 እስከ 25 በመቶ ባለው ክልል ግን ሲወርድ አግኝተዋል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ድርሻው ትንሽ ሲሆን የሥራ አስኪያጁን ልብ ከባለአክሲዮኑ ጋር ያስተሳስራል፤ ሲገዝፍ ደግሞ ማንም እንዳይነቀንቀው ወንበሩን ያጸናለታል። ስለዚህ «የውስጥ ሰዎች ብዙ ይዘዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ምስጋናም ወቀሳም ሊሆን አይችልም።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት አለ። ከኪሱ አውጥቶ የገዛና በደመወዝ መልክ የተሰጠው አንድ አይደሉም። ዛሬ በትልልቅ ኩባንያዎች የሥራ አስኪያጆች አክሲዮን አብዛኛው የተሰጣቸው ነው፤ ዋጋው ሲወድቅም የሚያጡት የራሳቸውን ጥሪት ሳይሆን ስጦታውን ነው። በባለአክሲዮኖች ዝርዝር ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቁጥር ሆነው ይታያሉ።

በብሬ-ኤክስ ፌልደርሆፍ በ1996 ወደ 84 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ አክሲዮን ሸጧል። በውስጥ መረጃ ነግደሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ2007 የኦንታሪዮ ፍርድ ቤት ከክሶቹ ሁሉ ነጻ አወጣው። ፍርዱን አከብራለሁ። ሆኖም ፍርዱ የገበያውን እምነት ከሥሩ ይነቅለዋል። የፍለጋው መሪ፣ የጫካውን ሥራ ያዝዝ የነበረው ሰው፣ ማጭበርበሩን አላወቀም ከተባለ፣ «የውስጥ ሰው ያውቃል» ብለን የምንከተለው ማንን ነው?

በቡሳንግ እውነቱን ያወጣው ፍሪፖርትም ከ15 ዓመት በኋላ በራሱ ቤት ተፈተነ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የሌላውን ጉድጓድ አበጥሮ ያየው ኩባንያ የራሱን ቦርድ የሚያይለት አጣ። ዲሴምበር 5 ቀን 2012 ይህ የመዳብ ኩባንያ ፕሌይንስ ኤክስፕሎሬሽንና ማክሞራን ኤክስፕሎሬሽን የተባሉ ሁለት የነዳጅ ኩባንያዎችን ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ሊገዛ መሆኑን አስታወቀ፤ ዕዳቸው ሲታከል ወጪው 20 ቢሊዮን ደረሰ። የፍሪፖርት የቦርድ ሊቀመንበር ጄምስ ሞፈት የሚሸጠውን ማክሞራንንም ይመራ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሪቻርድ አድከርሰንም በዚያው በሚሸጠው ኩባንያ ተባባሪ ሊቀመንበር ነበር። ከሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ባለአክሲዮኖች ነበሩ። በዝርዝሩ ቋንቋ ጥቅማቸው ከኩባንያው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ችግሩ ከሁለት ኩባንያዎች ጋር መተሳሰሩ ነበር።

የፍሪፖርት ባለአክሲዮኖች በግዢው ላይ ድምፅ እንዲሰጡ አልተጠየቁም። ትልልቆቹ ተቋማት በዝርዝሩ አናት ላይ ነበሩ፤ ዜናው በወጣበት ቀን አክሲዮኑ 16 በመቶ ከመውደቁ በቀር ውሳኔውን ያስቆመ አልነበረም። ከ2014 ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የ2015 ኪሳራ ከ12 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በጃንዋሪ 2016 አክሲዮኑ ከ4 ዶላር በታች ወረደ። ባለአክሲዮኖች በግዢው ምክንያት በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ፍርድ ቤት ያቀረቡት ክስ በ2015 በ137.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ባለሀብቱ ካርል አይካን ከ8 በመቶ በላይ ይዞ ከገባ ከወራት በኋላ፣ በ2015 መጨረሻ፣ ሞፈት ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። አንድ የሚጠይቅ ባለቤት ዝም ካሉት ብዙዎች ይልቅ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል።

ተቋማት ፈጽሞ አይረቡም ማለቴ አይደለም። ሲነሡ ኃይላቸው ትልቅ ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በብራዚል ብሩማዲንዮ የቫሌ ኩባንያ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድና የስዊድን የጡረታ ፈንዶች የሥነ ምግባር ምክር ቤት በዓለም ዙሪያ ላሉ የማዕድን ኩባንያዎች ደብዳቤ ጽፈው የእያንዳንዱን ግድብ ሁኔታ በይፋ እንዲያሳውቁ ጠየቁ፤ ብዙዎቹም አሳወቁ። ነገር ግን ጥያቄው ከመደርመሱ በፊትም ሊጠየቅ ይችል ነበር። ከቫሌ ዋና ባለድርሻዎች አንዱ የብራዚል ባንክ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነበር፤ ቫሌ በግማሽ ድርሻ የያዘው የሳማርኮ ግድብም በ2015 በማሪያና ተደርምሶ 19 ሰው ገድሎ ነበር። ድርሻ መያዝ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑ ግን ካልሠሩበት ከወረቀት አያልፍም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይቀርም። የወለጋው የቱሉ ካፒ ወርቅ ባለቤት ኬፊ አክሲዮኑ የሚሸጠው በለንደን ገበያ ነው። እኛም በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የካፒታል ገበያ ሕግ አውጥተናል፤ በ2017 በእኛ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ አቅርቧል። ነገ ማዕድን ቆፋሪ ኩባንያም በሰሌዳው ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚሸጥልን ወሬ አሁንም «እነ እገሌ ገብተውበታል» እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ በስም ፋንታ ጥያቄ እንልመድ። ያ ተቋም የገባው አጥንቶ ነው ወይስ ኢንዴክስ አስገድዶት? ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ በምን ላይ ተቃወመ? ሥራ አስኪያጁ አክሲዮኑን ገዛው ወይስ ተሰጠው? ሌላ ቦታ፣ ከዚህ ኩባንያ ጋር በሚገበያይ ድርጅት ውስጥ፣ ድርሻ አለው? ናሙናውን ያጣራው ገለልተኛ ባለሙያ ማን ነው? የተረፈው ግማሽ ድንጋይስ የት ተቀምጧል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ኩባንያዎች የድርሻ መቶኛን ብቻ ሳይሆን የእነዚህን መልስ ጭምር በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድድ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አገሩ። በቡሳንግ የተመነጠሩት ሰነፎች አልነበሩም፤ ሌሎች ጠርጥረውልናል ብለው ያረፉ ናቸው። ገንዘብህን ከማስገባትህ በፊት ማን እንደገባበት ሳይሆን ማን እንደቆፈረው ጠይቅ።