ቤቲንግ አይሸትም

ዛሬ ለስለስ አድርጌ አልጽፍም።

እዚህ ሆሳዕና፣ ዱራሜም ሾኔም ብትሄዱ፣ አንዲት እናት ልጇን ስታመሰግን «አይጠጣም፣ አይቅምም፣ እሑድ ከቸርች አይቀርም» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ልጁ አፉ አይሸትም። ቤቲንግ አይሸትማ! ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን ውስጥ ነፍሱን አስይዞ ነግዶ የላከው የኮሌጅ ክፍያ ግን የለም። ነገሩ ሲታወቅ ቤተሰቡ «ጥጋብ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የቤቲንግ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ወጣቱ ይዝናናበት እንጂ፣ ምን አለበት?» ይላል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፦ ልጁ እየተደሰተ ነው ብለው።

አይደለም። ዶፓሚንን «የደስታ ሆርሞን» እያሉ የሚለጥፉ ገጾችም ለዚህ ስህተት አግዘዋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋ አይጦችን አጥንተው ነበር። ስኳር አፋቸው ላይ ሲደረግላቸው እንደ ድሮው ከንፈራቸውን ይልሳሉ፣ ይጣፍጣቸዋል። ምግቡ አጠገባቸው ሲቀመጥ ግን ተነስተው አይበሉም። መውደዱ አለ፣ መፈለጉ ጠፍቷል። ዶፓሚን በዋናነት የሚሠራው መፈለጉ ላይ ነው። ሱስ የያዘው ሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ነገሩ መጣፈጡን ካቆመ ቆይቷል፣ ፍላጎቱ ግን ይጮኻል። «ዶክተር፣ ደስ እንኳ አይለኝም» ሲለኝ አምነዋለሁ። እናንተም እመኑት።

ቤቲንግ ለምን ይህን ያህል ይይዛል? ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ ጦጣዎችን ምልክት እያሳየ ጭማቂ ይሰጣቸው ነበር። ጦጣዎቹ ምልክቱን ከለመዱ በኋላ የዶፓሚን ሴሎቻቸው የሚነቁት ጭማቂው ሲመጣ ሳይሆን ምልክቱ ሲታይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ጥናት ደግሞ፣ በመጠባበቂያው ጊዜ ሴሎቹ ከሁሉም በላይ የተነቃቁት ጭማቂው ይምጣ አይምጣ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው። አሁን አንድ ቲኬት አስቡ። አምስት ጨዋታ፣ አራቱ ገብቷል፣ አምስተኛው በ90ኛው ደቂቃ ተበላሸ። በሒሳብ ተሸንፏል፤ አንጎሉ ግን «ተቃርበህ ነበር» ብሎ ይመዘግባል፣ የመጫወት ፍላጎቱም ይጨምራል። እግር ኳስን መውደድ ሌላ ነገር ነው፣ የሀዲያ ሆሳዕናን ጨዋታ እያየ የሚጮኸውን ሁሉ አላማሁም።

«የባሕርይ ችግር ነው» የሚል ካለ ደግሞ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ይመልከት። ለዚህ በሽታ የሚሰጥ ፕራሚፔክሶል የሚባል መድኃኒት አለ፣ የዶፓሚንን ሥራ ይተካል። ዕድሜ ልካቸውን ቁማር ነክተው የማያውቁ አንዳንድ አዛውንቶች መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ገንዘባቸውን በቁማር ጨርሰዋል። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ብዙዎቹ ተዉት። እነዚያ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ማብቂያ ጠገቡ እንበል? የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ቁማርን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ ያስቀመጠው በዋዛ አይደለም።

ታዲያ በትምህርት ቤት ደጃፍ አረቄ ቤት ሲከፈት የምንጮኽ ሰዎች፣ ቤቲንግ ቤት ሲከፈት ዝም የምንለው ለምንድን ነው? ስለማይሸት?

ቤተሰቦች፣ ዕዳውን ከፍላችሁ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ እንዲምል ማድረግ ሕክምና አይደለም፤ የሚቀጥለውን ቲኬት መግዛት ነው። አንድ ቀን ስልክ ዘግቶ «ዶፓሚን መጾም» የሚሉት ፋሽንም አያድነውም። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወንድሞች፣ ክፍያውን በቀጥታ ለኮሌጁ ላኩ። ገንዘቡን ለጊዜው እሱ ራሱ ተስማምቶ የመረጠው ሰው ይያዝለት። ጸልዩለት፣ አማኝ ቤተሰብ ናችሁ፤ ግን የአእምሮ ጤና ክፍልም ይዛችሁት ሂዱ። ዱላና ስድብ ይቅር፣ የሚያስተምሩት ነገር ቢኖር መደበቅን ነው።

ዕዳው ሲበዛ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ይከተላል። «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ቀጠሮም አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ኑ።