የአርሰናል ማሊያ፤ ቀለሙ የደጋፊው፣ ደረቱ የከፋዩ

የእንግሊዙ አርሰናልና የሩዋንዳ ልማት ቦርድ በኅዳር ወር 2025 አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2018 ጀምሮ በማሊያው ክንድ ላይ የቆየው «ሩዋንዳን ጎብኙ» የሚለው ማስታወቂያ ከ2025/26 የውድድር ዘመን በኋላ እንደማይቀጥል የሚገልጽ ነበር። ለብዙው የኳስ ተመልካች ተራ የንግድ ዜና ነው። ይሁን እንጂ አንድ የአፍሪካ መንግሥት ለአንድ የለንደን ክለብ ለምን ይከፍላል? ውሉስ ለምን ይህን ያህል ውዝግብ አስነሳ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መልሱን ለማግኘት የማሊያውን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የአርሰናል ቀይ ቀለም ሲጀመር የተገዛ ሳይሆን የተለገሰ ነው። በ1886 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ዉልዊች በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ወዛደሮች ቡድን ሲያቋቁሙ ማሊያ መግዣ አልነበራቸውም። ከመካከላቸው ቀደም ሲል ለኖቲንግሃም ፎረስት የተጫወቱ ስለነበሩ ለቀድሞ ክለባቸው ጻፉ፤ ፎረስትም ቀይ ማሊያዎችና አንድ ኳስ ላከላቸው። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚተመነው ቀለም የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ነጩ እጅጌ የመጣው በ1933 በአሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ጊዜ ነው። ከ1965 እስከ 1967 ክለቡ ነጩን እጅጌ ትቶ ሙሉ በሙሉ ቀይ ለመልበስ ቢሞክርም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። እስከዚህ ድረስ በደረቱ ላይ የማንም ነጋዴ ስም አልነበረም።

በእንግሊዝ ከፍተኛው ዲቪዚዮን በማሊያው ላይ የኩባንያ ስም በማስጻፍ ፈር ቀዳጁ ሊቨርፑል ሲሆን፣ በ1979 ከጃፓኑ ሂታቺ ጋር ተዋዋለ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ግን እስከ 1983 ድረስ ማስታወቂያ የተጻፈበትን ማሊያ በሥርጭታቸው ላይ ለማሳየት ፈቃደኛ አልነበሩም። አርሰናል በ1981 ሌላውን የጃፓን ኩባንያ ጄቪሲን በደረቱ ላይ አኖረ፤ ውሉም እስከ 1999 ዘለቀ። ቀጥሎ የሴጋ ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን የሆነው ድሪምካስት፣ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ኦቱ የተባለው የስልክ ኩባንያ ተተኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በ2003/04 አርሰናል 38 የሊግ ጨዋታዎችን አንድም ሳይሸነፍ ሲያጠናቅቅ፣ የሄንሪና የቪየራ ምስል በአዲስ አበባ ታክሲዎችና ሻይ ቤቶች ተለጥፎ ነበር። ከምስሉ ጋር አብሮ የተለጠፈው በኢትዮጵያ አገልግሎት ሰጥቶ የማያውቅ የስልክ ኩባንያ ስም ነው። ደጋፊው የለጠፈው የሚወዳቸውን ተጫዋቾች ነው፤ ኩባንያው ያገኘው ግን ያልከፈለበትን ማስታወቂያ ነው።

ማሊያው የደጋፊው መታወቂያ ነው ወይስ የክለቡ ሸቀጥ? ጥያቄው በእነዚያው ዓመታት ፍርድ ቤት ደርሷል። ከ1970 ጀምሮ በሃይበሪ ስታዲየም ደጃፍ የክለቡን ስምና ምልክት የያዙ ዕቃዎችን ይሸጥ የነበረ ነጋዴ፣ ምልክቶቹ የድጋፍና የታማኝነት መግለጫ እንጂ የንግድ ምልክት ሆነው አላገለገሉም ሲል ተከራከረ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2002 የደጋፊው ስሜት በንግድ ምልክት ባለቤትነት ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ገለጸ፤ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2003 ለክለቡ ፈረደ። በሕግ ፊት ምልክቱ የክለቡ ሆነ። የመርካቶ ማሊያ ሻጭም ቢሆን ለንደን ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው ይኸው ነበር።

በ2005/06፣ ከ1913 ጀምሮ የኖረበትን ሃይበሪን ሲሰናበት፣ ክለቡ የመጀመሪያውን ዘመን ለማስታወስ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ማሊያ ለበሰ። የሚገባበት አዲሱ ስታዲየም ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር፣ በጥቅምት 2004 ከኤምሬትስ አየር መንገድ ጋር የ100 ሚሊዮን ፓውንድ ውል ተፈራርሞ ነበር። አየር መንገዱ በዚህ ገንዘብ የማሊያውን ደረት ብቻ ሳይሆን የስታዲየሙንም ስም ወሰደ። ደረቱ ከ2006 ወዲህ የኤምሬትስ ነው።

ደረቱ ሲያዝ ክንዱ ለገበያ ቀረበ። ፕሪሚየር ሊጉ በ2017 በእጅጌ ላይ ማስታወቂያ ፈቀደ፤ በግንቦት 2018 ደግሞ ሩዋንዳ መጣች። የውሉ ዋጋ ለሦስት ዓመት 30 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሆነ ተዘገበ። በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ አንዳንድ የምክር ቤት አባላት «እርዳታ የምንሰጠው ለዚህ ነወይ?» የሚል ቅሬታ አሰሙ። የኪጋሊ መልስ ገንዘቡ ከቱሪዝም ገቢ የሚወጣ እንጂ እርዳታ አይደለም የሚል ነበር። ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አፍሪካዊ መንግሥት አገሩን ማስተዋወቅ የለበትም፣ ነዳጅ ያለው ግን ይችላል የሚል ሕግ የለምና።

ሆኖም ማስታወቂያ የሚከፈልበት ስም ለማሳመር ነው። በጥር 2025 የኤም 23 አማፂያን የምሥራቅ ኮንጎዋን ጎማ ከተማ ተቆጣጠሩ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ሩዋንዳ አማፂያኑን ትደግፋለች ሲሉ፣ ሩዋንዳ ታስተባብላለች። የኮንጎ መንግሥት አርሰናልን ጨምሮ ከሩዋንዳ ጋር የተዋዋሉ ክለቦች ውሉን እንዲያቋርጡ በደብዳቤ ጠየቀ። የተወሰኑ የአርሰናል ደጋፊዎችም «ቶተንሃምን ጎብኙ፣ እሱ ይሻላል» የሚል የቀልድ ዘመቻ ከፈቱ። ለአርሰናል ደጋፊ ከዚህ የመረረ ቀልድ የለም። ስምምነቱ ያበቃው ግን ሁለቱም ወገኖች ተስማምተንበታል ባሉት መንገድ ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ያችው ኮንጎ በ2025 ከኤሲ ሚላን፣ ከሞናኮና ከባርሴሎና ጋር የራሷን ውል ተፈራረመች። ለባርሴሎና ብቻ በአራት ዓመት ከ40 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደምትከፍል ተዘግቧል። ጎማን ያጣ መንግሥት በካታሎኒያ ማሊያ ላይ ስሙን ሲያስጽፍ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለውን ተረት ያስታውሳል።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚታየው ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቀዩ ቀለም በመሠረቱ አልተነካም፤ የተቀያየሩት ከፋዮቹ ናቸው። ቀለሙ ያልተነካው በደግነት አይደለም። ጄቪሲም፣ ኤምሬትስም፣ ሩዋንዳም የገዙት ደጋፊው ለዚያ ቀለም ያለውን ፍቅር ስለሆነ ነው። ፍቅሩ ከሌለ ደረቱም ክንዱም ጨርቅ ነው። የሚሸጠውን ነገር የሚያመርተው ደጋፊ ግን በሽያጩ ላይ ድምፅ የለውም፤ ይልቁንም ማስታወቂያውን ለመሸከም ራሱ ይከፍላል።

ቅዳሜ ማታ ቀዩን ለብሶ ጨዋታ የሚያየው የአዲስ አበባ ደጋፊም የዚህ ገበያ አካል ነው። የለንደን ክለብ አያውቀውም፣ አያማክረውምም፤ ውሉ ሲፈረም ግን በዓለም ዙሪያ ካሉት ተመልካቾች ጋር አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ «ማን አሸነፈ?» ከሚለው ጎን ለጎን «በክንዴ ላይ የተጻፈው ማን ነው፣ የሚከፍለውስ ምን ለማስረሳት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የለንደኖቹ ቀልደኛ ደጋፊዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር።