ገንዘቡ ይግባ፣ ባለቤቱ ደጅ ይቁም!

“ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ጉድ ለመስማት መስከረምን መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ በየሌሊቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመጣልኝ ነበር። ዛሬ የማነሳውን ጉዳይ “ለርዕሰ አንቀጽ የሚመጥን አይደለም” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ ሴተኛ አዳሪና ስለ ደንበኛዋ ምን ያስጽፋል? የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ዘረኝነት መኝታ ቤት በር ላይ ሲደርስ አይመለስም፤ ተከትሎ ይገባል። እንዲያውም ራቁቱን የሚታየው እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው በዲሲ መኪና ማቆሚያ የሚሠራ አንድ የእህቴ ልጅ አለ። አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ ግን አይቆጡኝ” አለኝና ስልኩን ሰጠኝ። አየሁት። እዚያ አገር ኤስኮርት የሚሏቸው፣ በስልክ ተጠርተው የሚሄዱ ሴቶች ማስታወቂያ ነው። ፎቶ አለ፤ የሰዓት ዋጋ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ያለ አንዳች እፍረት “ጥቁር ወንዶች አትደውሉ” ይላል። ሌላው ትንሽ ጨዋ ለመምሰል “ኤ-ኤ አይቻልም” ብሏል፤ አፍሪካን አሜሪካን ማለቱ ነው። ሦስተኛው “ዕድሜው ከ35 በታች የሆነ ጥቁር አናስተናግድም” ብሎ ዘረኝነቱን በዕድሜ ከፋፍሎታል።

“ደወልኩ” አለኝ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። ስልኩን ያነሳችው ደላላዋ ናት። ድምፁን ሰማችና “ጥቁር ነህ?” ብላ ጠየቀችው።

“ምን አልካት?”

“ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኳት። ጥቁር አሜሪካዊ አይደለሁም አልኳት።”

“እሷስ?”

“ዘጋችብኝ።”

የወጣበትን ጉዳይ አልመረቅኩለትም፤ የሚገባውን ነግሬዋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ የነሱኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ የደላላዋ ጥያቄ፣ ሌላው የእኛው ልጅ መልስ። በተራ በተራቸው ልያቸው።

ከጥያቄው እንጀምር። ይህ ነገር ትናንት በስልክና በኮምፒዩተር የመጣ አይደለም። በኒው ኦርሊንስ ከተማ ከ1897 እስከ 1917 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ስቶሪቪል የሚባል፣ የከተማው ምክር ቤት በደንብ የከለለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር ውስጥ ማሆጋኒ ሆል የሚባል ዝነኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ ቅይጥ ደም ያላቸው ናቸው፤ ባለቤቲቱ ሉሉ ዋይትም እንደዚያው። ደንበኛው ግን ነጭ ብቻ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያከብራቸው እነ ጄሊ ሮል ሞርተን በዚያ ሰፈር ሳሎኖች ውስጥ ፒያኖ እየመቱ አድረዋል። ጥቁር ሰው እያዜመ ቤቱን ያሞቃል፤ እየታዘዘ መጠጥ ያቀርባል፤ ደንበኛ ልሁን ካለ ግን ወንጀለኛ ነው። እንግዲህ “ጥቁር አትደውል” የሚለው የዛሬ ማስታወቂያ አያቱ ማን እንደሆነ ገባን አይደል?

በዚያው ዘመን የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም ከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ነበር። ቀለበት ውስጥ የሚጥለው ነጭ ጠፋ። ታዲያ ቀለበት ውስጥ ያልቻሉትን በፍርድ ቤት ጣሉት። በ1910 የወጣውና “የነጭ ባርያ ንግድ” ሕግ እየተባለ የሚጠራውን አዋጅ መዝዘው፣ ቤል ሽራይበር ከምትባል በዚሁ ሥራ ከምትተዳደር ነጭ ሴት ጋር ስለነበረው ግንኙነት በ1913 ሁሉም ነጭ የሆኑ ዳኞች ጥፋተኛ አሉት። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበት። አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በ1920 ተመልሶ ታሰረ። ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይቅርታ አደረጉለት። ለሙት ይቅርታ ምን ይሠራለታል? ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ ራሱ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1967 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ 16 ክፍለ ግዛቶች ይዘውት ቆይተዋል። የደላላዋ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ጓዳ ነው።

“የለም፣ ለደህንነታችን ነው” ይላሉ ነጋዴዎቹ። ይህን ክርክር በቀላሉ አልጥለውም። ሥራው አደገኛ ነው። ከኔቫዳ ጥቂት ካውንቲዎች በስተቀር በአሜሪካ ይህን አገልግሎት መግዛት ክልክል ስለሆነ፣ ሴቲቱ ስትደበደብ ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ ትፈራለች። ስለዚህ ከመገናኘቷ በፊት ስሙን፣ የሥራ ቦታውን፣ ከዚህ በፊት የሚያውቁት ሌሎች ሴቶች ካሉ ምስክርነታቸውን ትጠይቃለች። በ2018 ኮንግረስ ሕግ አውጥቶ ማስታወቂያ የሚያወጡ ድረ ገጾችን ሲያስዘጋ፣ ብዙ ሴቶች ይህን የማጣሪያ ዘዴያቸውን ጭምር እንዳጡ ሲናገሩ ሰምተናል። ማጣራቱን የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ቆዳ ምን ያጣራል?

ጋሪ ሪጅዌይን እንውሰድ። በሲያትል አካባቢ ሴቶችን እየወሰደ የገደለ ሰው ነው። በ2003 ፍርድ ቤት ቀርቦ 48 ሴቶችን መግደሉን አመነ፤ በኋላ 49ኛዋ ተጨመረች። ብዙዎቹ መንገድ ላይ የሚሠሩ ምስኪኖች ነበሩ። የመረጣቸውም ቢጠፉ ማንም አይፈልጋቸውም ብሎ እንደነበር በራሱ አንደበት ተናግሯል። ይህ ሰው ነጭ ነው። ለብዙ ዓመታት በአንድ የጭነት መኪና ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ሆኖ የሠራ፣ ቤተ ሰብ ያለው፣ ደመወዝተኛ ነው። በካናዳም ሮበርት ፒክተን የሚባል አሳማ አርቢ በ2007 በስድስት ሴቶች ግድያ ተፈርዶበታል፤ እሱም ነጭ ነው። ሁለቱም “ጥቁር አትደውል” የሚለውን ማስታወቂያ ቢያነቡ እያፏጩ ይደውሉ ነበር። ታዲያ ይህ ማጣሪያ ማንን አዳነ? ጅቡን አስገብቶ ጎረቤትን የሚከለክል አጥር አጥር ነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንዱ ትልቅ ምክንያት ገበያው ነው። ደላላው “ጥቁር ታስተናግዳለች ከተባለ ነጩ ደንበኛዬ ይሸሻል” ብሎ ይፈራል። እዚህ ላይ የተሰደበው ጥቁሩ ወንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሴቲቱም እንደ ዕቃ ተቆጥራለች፤ “ጥቁር እጅ ነካት” ተብሎ ዋጋዋ የሚወርድ ዕቃ! ጥቁር ሴቶችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። በአንድ ገጽ ላይ “ብርቅዬ የአፍሪካ ውበት” ተብለው እንደ አራዊት ይወደሳሉ፤ ክፍያ ላይ ሲደረስ ብርቅዬነቱ ይረሳና ዋጋ ይቀነስባቸዋል። አድልዎው ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ ደንበኛውን፣ በሌላው ሠራተኛዋን ይበላል።

“ታዲያ ሴቲቱ ያልወደደችውን ሰው ትቀበል እያልክ ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም! እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። የማንም ሴት ገላ የመንግሥት ሆቴል አይደለም። “እምቢ” ካለች እምቢ ነው፤ ምክንያቷን የሚጠይቃት ዳኛ መኖር የለበትም። ኒውዚላንድ በ2003 ይህን ሥራ ከወንጀልነት ስታወጣ፣ ሴቲቱ ማንንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ እምቢ የማለት መብት እንዳላት በሕጉ ውስጥ በግልጽ አስፍራለች። ቤልጂየምም በ2024 ባወጣችው የሥራ ውል ሕግ ደንበኛን መከልከል ከሥራ እንደማያስባርር ደንግጋለች። ትክክል ነው፤ እኔም በሁለት እጄ እደግፋለሁ።

ነገር ግን የአንዲት ሴት “እምቢ” እና የአንድ ድርጅት “ጥቁር አይደውል” አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው ለሰው ነው፤ ሁለተኛው የታተመ ታሪፍ ነው። ደላላው የሚነካው ገላ የለውም፤ የሚነካው ብር ብቻ ነው። ከየሰዓቱ ክፍያ ድርሻውን እየቆረጠ፣ ስልክ እያነሳ፣ ድምፅ እየሰማ ሕዝብን በቀለም የሚለየው እሱ “የግል ምርጫዬ ነው” ሊል አይችልም። ምርጫው የሴቲቱ ከሆነ እሷ ትምረጥ፤ እሱ በስሟ ዘረኝነት አይቸርችር። ሕጉ ደግሞ ድሃዋን ሴት ከመንገድ ላይ እየለቀመ ሲያስር፣ ይህንን የደላላ ነውር አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ ወደ እኛው ልጅ መልስ። “ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ጥቁር አሜሪካዊ አይደለሁም።” ይህችን አባባል ስንቶቻችን ብለናታል? ቤት ስንከራይ፣ ሥራ ስንጠይቅ፣ ፖሊስ ሲያስቆመን? እንደ መታወቂያ ወረቀት ከኪሳችን እናወጣታለን። ደላላዋ ግን አላነበበችልንም፤ ስልኩን ዘጋችው። ለእሷ አክሱምም አላባማም አንድ ነው።

ይቺ መልስ ውለታ ቢስነትም አለባት። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ከቺካጎ ተነስቶ መጥቶ በጦርነቱ አውሮፕላን ያበረረልን ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ፤ በ1954 እዚሁ አገራችን ላይ ሞተ። “እኔ አሜሪካዊ ነኝ፤ ኢትዮጵያዊ አይደለሁም” ብሎ ስልኩን አልዘጋብንም። እኛ ዛሬ በዲሲ ሬስቶራንት የምንከፍተው፣ ታክሲ የምንነዳው፣ እነሱ ውሻ ተለቆባቸው፣ ታስረው፣ ሞተው ባመጡት በ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ ጥላ ሥር ነው።

ሰውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። በ1999 ታዋቂው ተዋናይ ዳኒ ግሎቨር ኒው ዮርክ ውስጥ ታክሲዎች እያዩት እንዳለፉት ለከተማው አቤት ባለ ጊዜ ትልቅ ጫጫታ ሆነ። ከተማውም እንዲህ የሚያደርጉትን ሾፌሮች ማሳደድ ጀመረ። እኔ ዲሲ ሆኜ ዜናውን ስሰማ ሳቅሁ። ሳቄ ግን የደስታ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ በረዶ በሚጥልበት ሌሊት፣ አንድ ጥቁር ሰው ሕፃን ልጅ እጁን ይዞ እጁን አነሳልኝ። አየሁት፤ አለፍኩት። “ሩቅ ሰፈር ይለኛል፣ ይዘርፈኛል” ብዬ። በመስታወት ሳየው እጁን ቀስ ብሎ ሲያወርድ አየሁ። ልጁም ወደ ላይ አባቱን ያያል። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሌባ ልጁን ይዞ ይወጣል? እኔም ያኔ ከደላላዋ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ልዩነታችን እሷ በስልክ፣ እኔ በመሪ መሆኑ ብቻ ነው።

አገር ቤትስ? ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ቀርቷል። ስድቡ ግን እስካሁን በየቤቱ አለ። ልጅ ሊያገባ ሲል “ዘሯ ምንድን ነው?” ብለን በሹክሹክታ የምንጠይቅ እኛ አይደለንም? አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ ዘበኛው ለፈረንጅ ሰላምታ፣ ለሀበሻ ፍተሻ ሲያቀርብ አላየንም? በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ጭፈራ ቤት በር ላይ በቀለማቸው እየተመለሱ ሲያለቅሱ እናዝናለን፤ ማዘናችን ተገቢ ነው። እዚያ እንኳ በ2000 በመዝናኛ ስፍራና በአገልግሎት አድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል። በሩ ላይ የሚቆመው ጠብደል ሁልጊዜ ያከብረዋል ማለቴ አይደለም፤ የተበደለው ግን የሚይዘው ወረቀት አለው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ሴቲቱ በገላዋ ላይ ያላት ሥልጣን ሙሉ ይሁን። ማጣራት ያለባት በሰውየው ሥራና ጠባይ ነው፤ ለዚህም ሕጉ ፖሊስ እንድትጠራ ያበረታታት እንጂ አያስፈራራት። ደላላውና ማስታወቂያ አሳታሚው ግን እንደማንኛውም ነጋዴ “ጥቁር አይገባም” ብለው በመጻፋቸው ይጠየቁ። ገንዘብ ቀለም ከሌለው ባለ ገንዘቡም በቀለሙ አይባረር።

ለእህቴም ልጅ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነበር። “ዳግመኛ እንዲህ ዓይነት ቤት አትደውል፤ ክብርህን በሰዓት አትከራይ። ግን ማንም፣ የትም ቦታ፣ ‘ጥቁር ነህ?’ ብሎ ከጠየቀህ መልሱ አንድ ቃል ነው። ‘አዎ’ በል። ስልኩን የምትዘጋው አንተ ሁን።”

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና “ጋሼ፣ እርስዎስ ያንን ሰውዬ ዛሬ ቢያገኙት ይጭኑት ነበር?” አለኝ።

ታክሲውን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጥያቄው ግን አልተወኝም። እናንተስ አንባቢዎቼ፣ ማንን አልፋችኋል?

ቸር ይግጠመን!