ጠርሙሱ በጋዜጣ ይጠቅለልና እንተያይ!

እንግዳ ሲመጣ ጉደሩ ኩሽና ይደበቃል፤ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። እንግዳውም ገና ሳይጎነጭ «ወይንማ ይሄ ነው!» ይላል። የቀመሰው ምላሱ ሳይሆን ዓይኑ ነው።

ችግሩ የሐበሻ ብቻ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች ቀይ ቀለም የገባበት ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ቀይ ወይን በሚገለጽባቸው ቃላት ገለጹት። ሙያውን የሚማሩት እንዲህ ከሆኑ የሳሎን ዳኛማ ምን ይሁን?

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ጉደር፣ ዝዋይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ፣ አንድ ከውጭ የመጣ፤ ሁሉም ድራይ ቀይ ይሁኑ። አክሱሚትን እዚህ መሃል መክተት ግፍ ነው፤ እሱ ጣፋጭ ነው፣ መወዳደር ያለበትም ከጣፋጭ ጋር ነው። ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ቁጥር ይጻፍባቸው። የጠቀለለው ሰው አይፍረድ። ቀማሾቹም ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ (አንድ አጎት ቀድሞ «ይሄማ ኮምጣጤ ነው» ካለ ጨዋታው አለቀ)።

«የአገር ምርት ነው» እያሉ በጭፍን ማሞገስም ያው በሽታ ነው። ጉደር ከተሸነፈ ይሸነፍ! ግን የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ገዝቶ ፋብሪካውን መርገም ፍርድ አይባልም። ያንኑ ወይን ጥላ ቦታ ከሚያስቀምጥ ሱቅ ገዝቶ ደግሞ መቅመስ ነው።